ያልለቀቁት ሁለት መስመሮች

ሰው ዥንጉርጉር ነገር ካየ ነብር ነው ብሎ ይምላል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ይህን መሐላ ሳፈርስ ነው። የምሠራበት የዱር እንስሳት መጠለያ ስልክ ሲጮኽ አነሳለሁ፤ በወዲያ በኩል ያለው ሰው ነፍሱ ልትወጣ ደርሳ፣ ግቢዬ ነብር ገብቷል ይለኛል። እሄዳለሁ። የጎረቤት ድመት ናት። አንዱማ ጣራ ላይ ነብር ተኝቷል ብሎ ሰፈሩን ሁሉ በር አዘግቶ ጠበቀኝ። መሰላል ወጥቼ ባየው ለፀሐይ የተሰጣ ምንጣፍ ነው። ጠቅልዬ አወረድኩና አስታቀፍኩት፤ እስከ ዛሬ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ከእንግዲህ እንዲህ ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ነብር አየኝ ይበል ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ምያለሁ።

መለየቱ እኮ ከባድ ሆኖ አይደለም። ያደገ ነብር ከሆነ ነጥቡ ድፍን አይደለም፣ መሐሉ ክፍት የሆነ አበባ ነው። አቦሸማኔ ከሆነ ነጥቡ ድፍን ነው፣ ጣቱን ቀለም ነክሮ የፈረመ ሰው አሻራ ነው የሚመስለው። አነር ደግሞ ጆሮው ትልቅ፣ እግሩ መለሎ፣ ጅራቱ አጭር ነው። ከሁሉም ከሁሉም ግን አቦሸማኔን የሚያጋልጠው ፊቱ ነው። ከሁለቱ ዓይኖቹ ጥግ ተነስቶ፣ በአፍንጫው ግራና ቀኝ አድርጎ ወደ አፉ የሚወርድ ጥቁር መስመር አለው፤ አልቅሶ ፊቱን ያልታጠበ ይመስላል። ነብር ይህ የለውም፣ አነርም የለውም። ገና ግልገል እያሉ ግን ሁሉም ጠጉራቸው ጭስ የነካው፣ ነጥባቸው የተዥጎረጎረ ስለሆነ፣ ፊቱን ካላየሁ እኔም እሳሳታለሁ። ይህን ሁሉ ለሰው ተናግሬ ተናግሬ ምላሴ ተላጠ። ሰው አሁንም ነብር ነው ይላል።

ያን ሰሞን ግን ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ የሚሆን ልብ አልነበረኝም። መጠለያው ውስጥ ያለችው አቦሸማኔያችን ወልዳ ነበር። አረማመዷ ሁሉ ግቢው የአባቷ የሆነ ስለሚመስል እሜቴ ነው የምንላት። የወለደችው አንድ ብቻ ነው። እኔ መጀመሪያ እሰይ አልኩ፤ ብቻውን ጠጥቶ ይፋፋል ብዬ። የእንስሳት ሐኪማችን ግን ፊቷ አልፈታ አለ። ይህቺ ሐኪም ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት፤ ነገር ግን ቃል ከአፏ የሚወጣው ተመዝኖ ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን አስረዳችኝ። የአቦሸማኔ ጡት ወተት የሚያመጣው ሲጠባ ነው፤ የሚጠባው አንድ አፍ ብቻ ከሆነ ጡቱ ይሰንፍና ይደርቃል፤ ጡቱ ሲደርቅ እናትየዋ ልጁን ጥላው ትሄዳለች። አንድ እንጨት አይነድም የሚባለው ለካ ለአውሬም ይሠራል።

እንዳለችውም ሆነ። የልጁ ሆድ ከቀን ወደ ቀን ወደ ውስጥ ገባ። ሲወለድ ያሰማው የነበረው ድምፅ ቀነሰ። ጡቱን ይይዝና ትንሽ ስቦ፣ ደክሞት ይተኛል። እሜቴም ትታው ተነስታ አጥሩን ዳር ዳር መዞር ጀመረች። እኔ የቀረን በጡጦ ማሳደግ ነው ስላት ሐኪሟ ፊቷን አዞረች፤ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ከዚህ በፊት በጡጦ ለማሳደግ የሞከርነው ግልገል ሆዱ ተነፍቶ እጄ ላይ ነው የሞተው። ጡጦው አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ልጥለው ብዬ አንዴ አንስቼው እጄ እምቢ ብሎኛል።

አንድ መላ ብቻ ነበር። ተመሳሳይ ዕድሜ ያለው ሌላ የአቦሸማኔ ግልገል ተገኝቶ እናትየዋ ሥር ቢደረግላት፣ ሁለቱ ተጋፍተው ሲጠቡ ወተቱ ይመለሳል። በእኛ ሥራ ይህ የታወቀ ዘዴ ነው። ሐኪሟ ወደምታውቀው መጠለያ ሁሉ ደወለች። የለም፣ የለም፣ የለም። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን። በመጨረሻ አንድ ቀን ጠዋት ጓንቷን እያወለቀች፣ ከሰዓት በኋላ ልጁን ከእናቱ እንነጥለዋለን፣ ጡጦ አዘጋጂ አለችኝ። ሄጄ መሳቢያውን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። እንባዬ መጣ፤ መምጣቱም አናደደኝ።

ልክ ያኔ ነው ታናሽ ወንድሜ የደወለው። ወንድሜ መካኒክ ነው። ከቆላ የመጣ የጭነት መኪና ጋራዡ ገብቶ፣ የመሣሪያ ሳጥኑን ሲከፍት ግራሶ በጠጣ ጨርቅ መሐል የሚንቀሳቀስ ነገር አገኘ። ሹፌሩን ምንድን ነው ቢለው እኔ አላውቅም ብሎ ማለ፤ ወንድሜ ስልኩን ሲያወጣ መኪናውን እዚያው ጥሎ ጠፋ። ይህን ሁሉ ሲተርክልኝ ትዕግስቴ አለቀ። ነብር ነው ልትለኝ ከሆነ ዛሬ ቀኔ አይደለም፣ ተወኝ አልኩት። እሱ እንዲህ ስናገረው ለምዷል፣ አልተቀየመም።

«እታለም፣ ምን እንደሆነ አላውቅም» አለኝ። «ከእግር እስከ ራሱ ግራሶ ነው። ጩኸቱ ግን የጫጩት ነው።»

ቁጭ አልኩ። የአቦሸማኔ ግልገል እንደ ወፍ ነው የሚጮኸው። የት እንዳለ ጠየቅሁት። ለሚስቱ እንደሰጣትና እያጠበችው እንደሆነ ነገረኝ። ያን ጊዜ ደግሞ ቀልቤ ተገፈፈ።

የወንድሜን ሚስት ማወቅ አለባችሁ። ቤቷ ሥር ላውንደሪ አላት። እሷ በሌለችበት በረኪና ነው የምላት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ንጹሕ ናት፣ ንጽሕናዋ ግን ሰው ያስጨንቃል። የማይለቅ እድፍ የለም፣ ሰነፍ አጣቢ እንጂ ትላለች። እኔ ቤቷ ስሄድ የምቀመጥበት ወንበር የታወቀ ነው፤ ፕላስቲክ የለበሰው። ቀኑን ሙሉ ሥጋ ስቆራርጥና የአውሬ ሽንት ስጠርግ ስለምውል እንደሆነ ይገባኛል። ይገባኛል ማለት ግን አያናድደኝም ማለት አይደለም። ተሰናብቼ ስወጣ ከበስተኋላዬ መስኮት ሲከፈት እሰማለሁ። በዚህ የተነሳ ሰላምታችን ለዓመታት ከአንገት በላይ ነበር። አሁን ደግሞ ይህቺ ሴት ያን የመሰለ ፍጡር በብሩሽ ፈትጋ ስትገድለው ታየኝ። ደወልኩላት፣ አታነሳም። እጇ እርጥብ ነው ማለት ነው።

ሐኪሟ ጋር ሮጬ ስነግራት እንደ እኔ አልሮጠችም። መጀመሪያ ለሚመለከተው ክፍል ደውላ ስለ ሹፌሩም ስለ ግልገሉም አስታወቀች፣ ግልገሉን እንድንረከብም ፈቃድ አገኘች። መኪና ውስጥ ስንገባ ነው ልቤን ማውረድ የጀመረችው። የተራበ ግልገል ምንም ይሁን ምን ይጮኻል፣ በስልክ የተወራ ጩኸት ማስረጃ አይሆንም አለችኝ። ነብር ሆኖ ብናስገባው እሜቴ ትነክሰዋለች፤ በዚያ ላይ ደንግጣ የራሷንም ልጅ ጥላ ልትሸሽ ትችላለች። አነርም ቢሆን ያው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለቷ ነው። እኔ በልቤ ስለት እየተሳልኩ ስለነበር ይህን ሁሉ መስማት አልፈለግሁም፤ ግን ትክክል ነበረች፣ ትክክል መሆኗ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። መንገዱ ሁሉ ቀይ መብራት ሆነብኝ።

ላውንደሪው ውስጥ ስንገባ እንፋሎቱ ተቀበለን። ነጫጭ አንሶላዎች ከጣራው ተንጠልጥለዋል፣ ካውያው ጠረጴዛው ላይ ቆሟል፣ የታጠፈ ልብስ የሞላው ቅርጫት በሩ ሥር አለ። በረኪና ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ የተጠቀለለ ነጭ ፎጣ አለ፣ ፎጣው ይተነፍሳል። ስታየኝ ልትነሳ ቃጣትና ጭኗ ላይ ያለውን ላለመቀስቀስ ተወችው።

«እትዬ፣ አልጨረስኩም» አለችኝ። እንዲህ ስታፍር አይቻት አላውቅም።

ለመጮህ የተዘጋጀው አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ብሩሽ የለም። የሕፃን ሳሙና፣ ጥጥና ለብ ያለ ውሃ ነው ያለው። ግራሶን ውሃ አያነሳውም አለች፤ መጀመሪያ በምግብ ዘይት አለዝባ፣ በጣቷ ጫፍ ከጠጉሩ እየገፋች አወጣችው። ውሃውን በክርኗ ለክታ ነው ያጠበችው። እንዳይበርደው በጠጉር ማድረቂያ ከሩቅ አደረቀችው። በመካከሉ በጠብታ ውሃ አፉን አርሳለታለች። እኔ ራሴ ከዚህ የተሻለ አላደርገውም ነበር፤ ይህን ለራሴ ማመን ግን ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ።

ሐኪሟ ተንበርክካ ፎጣውን ገለጠችው። ወንድ ነው፣ ዓይኖቹ ገና የተከፈቱ፣ ዕድሜው ልክ የእኛው ግልገል። በዚህ ዕድሜ አቦሸማኔን የሚለየው አንዱ ነገር ከማጅራቱ እስከ ጅራቱ ሥር ጀርባው ላይ ብቻ የሚቆም ረጅም ሽበት የመሰለ ጠጉር ነው። ታዲያ በጠጉር ማድረቂያ የደረቀ ግልገል ጀርባው ከሆዱ በምን ይለያል? ሁሉም ቆሟል። የሚመስለው የጥጥ ኳስ ነው። ነጥቡን ለማየት ጠጉሩን ብትከፍለው፣ አበባ ነው ብትለው አበባ፣ ድፍን ነው ብትለው ድፍን ነው። ጆሮው ገና አልቆመም። ጥፍሩም በዚህ ዕድሜ አይታመንም፣ የሁሉም ወጣ ብሎ ነው የሚታየው። ፊቱ ደግሞ ከዓይኑ ሥር እስከ አገጩ ነጭ ነገር ተለቅልቋል፤ የዳቦ ቤት ሠራተኛ መስሏል። ጫጩት የተባለው ድምፁም ጠፍቷል፣ ደክሞት ዝም ብሏል።

ሐኪሟ አገላብጣ አገላብጣ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አላውቅም» አለችኝ። «ካላወቅሁ ደግሞ አላስገባውም።»

ከሰዓት በኋላው ደርሷል። የእሜቴን ልጅ ሆድ አየሁት በዓይነ ሕሊናዬ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ያለውንም ጡጦ። የምቆጣው ሰው መፈለግ ጀመርኩ፤ አጠገቤ ደግሞ በረኪና ነበረች። ፊቱ ላይ ምን ለቅልቀሽበት ነው፣ እንስሳ ነው አንሶላ መሰለሽ አልኳት።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መለሰች። የበቆሎ ዱቄት ነው፤ አልለቅ ያለ የግራሶ እድፍ ላይ ደቃቅ ዱቄት ነስንሰው ትንሽ ሲያቆዩት ቅባቱን ይመጠዋል። ዓይኑን ጠብቃ ነው የነሰነሰችው፣ ቢልሰውም አይጎዳውም። ሌላው ገላው ሁሉ ለቆላታል። ፊቱ ላይ ያለው ነው ያስቸገራት። በዘይት ሞክራ ነበር፣ በሳሙናም ሞክራ ነበር።

«አትቆጪኝ እትዬ» አለች። «ሁለት መስመር ብቻ ነው የቀረኝ።»

«የቱ ጋ?» አልኳት። አጠያየቄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

አንድ እጇ ግልገሉን ስለያዘ በሌላው እጇ የራሷን ፊት ነው ያሳየችን። ሌባ ጣቷን ከዓይኗ ጥግ ላይ አስቀመጠች፤ በአፍንጫዋ ጎን አድርጋ ቀስ እያለች እስከ ከንፈሯ ዳር ጎተተችው። ከዚያ በሌላኛው ዓይኗም እንዲሁ አደረገች።

«ሳጥኑ ውስጥ ሲያለቅስ ቆይቶ፣ እንባው ግራሶውን ይዞት የወረደ መሰለኝ» አለች። «ስንት አሸሁት። እንዲህ ያለ እድፍ በዕድሜዬ አላጋጠመኝም።»

እኔና ሐኪሟ ተያየን። ሐኪሟ ጥጥ አርሳ፣ ትንፋሿን ይዛ ዱቄቱን ጠረገችው። አንድ ጊዜ። ከነጩ ሥር ጥቁር መስመር ወጣ። በወዲያኛውም በኩል ጠረገች፣ ሌላው ወጣ። ልክ ከዓይን ጥግ እስከ አፍ፣ በእርሳስ የተሰመረ ያህል የጠራ። ሐኪሟ መስመሩን በጣቷ ዳሰሰችው፣ ጠጉሩን ከፍላ እስከ ሥሩ አየችው፤ ጠጉሩ ራሱ ጥቁር ነው። ከዚያ ያቺ ቃሏን መዝና የምትናገር ልጅ የግቢያችን ጭቃ ባለበት ካፖርቷ፣ በሩ ሥር ባለው የታጠፈ ልብስ ቅርጫት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። በረኪና አየቻት። አየቻትና ዝም አለች።

እኔ ግን ዝም አላልኩም። አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ ሁለቱን አንድ ላይ። የወንድሜን ሚስት አንገቷን አቅፌ ጉንጯን ሳምኳት፤ ምን እንዳደረገች አልገባትም፣ ግልገሉ እንዳይጨፈለቅ በክርኗ ትከላከላለች። «በረኪናዬ፣ በረኪናዬ፣ እንኳን አልለቀቀልሽ!» አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ደንግጬ ለቀቅኋት። እሷ የልብሷን እጀታ አስተካከለችና፣ እንዲህ እንደምትይኝማ ወንድምሽ ድሮ ነግሮኛል፣ ይልቅ ይኼ ልጅ ርቦታል፣ እንሂድ አለችኝ።

እንሂድ ስትል እሷም ልትሄድ ነው ማለት ነው። ላውንደሪውን ቆልፋ፣ ግልገሉን ለማንም ሳትሰጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መንገድ ላይ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። የእሜቴን ወተት፣ የልጇን ሆድ፣ ጡጦውን ጭምር። ስለ ጡጦው ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። እሷ ፎጣውን ይበልጥ ወደ ደረቷ አስጠጋችው። መሐል ላይ ሐኪሟ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አድርጋ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው ብላ ጠየቀች። በረኪና ኮራ ብላ መለሰች። መጨረሻ ላይ ጠጉሩ እንዲለሰልስ የልብስ ማለስለሻ ጠብ አድርጋበታለች፣ የአበባ መዓዛ ያለውን፣ ውዱን።

አይ፣ እፎይታ ዕድሜው አጭር ነው። አቦሸማኔ ልጇን የምታውቀው በጠረኑ ነው። አበባ አበባ የሚል ነገር ጎጆዋ ውስጥ ካገኘች መጥፊያችን ነው። ሐኪሟ መሪውን ይዛ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። እኔ ደግሞ አሁን ካቀፍኳት ሴት ጋር እንደገና ልጣላ ምን ቀረኝ። ግን ፊቷን በመስተዋቱ አየሁት፤ ገብቷታል፣ አመድ መስሏል። ስለዚህ ሁሉም የሚለቅ ነገር ነው አልኳት። ራሷ የምትለውን ነው የመለስኩላት።

መጠለያው ስንደርስ እሜቴን ሥጋ አሳይተን በወዲያኛው አጥር በኩል አስወጣናትና በሩን ዘጋን። ሐኪሟ እንግዳውን በለብ ውሃ ደጋግማ አለቀለቀችው፣ ሙሉ ሰውነቱንና ልቡን መረመረችው፣ ጥቂት ወተት በጠብታ ሰጠችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለብቻው አቆይታ ሳትመረምረው እንደማታስገባው ነገረችን፤ ዛሬ ግን የእሜቴ ጡት የሚጠብቀን አይደለም። ከዚያ ከጎጆው ውስጥ እናትና ልጅ የተኙበትን፣ የሸኑበትን ድርቆሽ አወጣሁና እንግዳውን ማሸት ጀመርኩ። አሸሁት፣ አሸተትኩት፤ አሁንም አበባ ነው። እንደገና አሸሁት። አበባ።

በረኪና ከኋላዬ ቆማ ታየኛለች። አፍንጫዋን በእጇ ይዛለች፣ ዓይኗ አልቅሷል፤ ከሽታው ይሁን ከሌላ አላውቅም። በመጨረሻ አላስቻላትም።

«እንዲህ አይደለም፣ አምጪው» አለችኝ። «ሽቶ የሚደበቀው ስፌት ሥር ነው።»

ስፌት ያለችው አንገቱን፣ ብብቱንና ከጆሮው ኋላ ያለውን ነው። ተቀምጣ እጀታዋን ሰበሰበች። ያን እርጥብ ድርቆሽ በባዶ እጇ ጨብጣ አነሳች፤ እኔ ጓንት ስሰጣት በጓንት አይሰማኝም ብላ መለሰችልኝ። ከአንገቱ ጀምራ፣ ከጆሮው ኋላ፣ በብብቱ፣ በጣቶቹ መሐል፣ አንድም ቦታ ሳትዘል አሸችው። ዕድሜዋን ሙሉ ስታስለቅቅ የኖረችውን እድፍ ያን ቀን በእጇ አስገባች። ስትጨርስ አቅርባ አሸተተችው፣ ፊቷ ተኮማተረ፣ አሁን ቆሽሿል አለች። በእኛ ቤት ከዚህ የሚበልጥ ምርቃት የለም።

እንግዳውን ከእሜቴ ልጅ ጎን አስተኝተን ወጣን። ጎጆው ውስጥ ካሜራ አለ፤ ሦስታችንም ጠባቧ ክፍል ውስጥ አንዲት ስክሪን ላይ ተደፋን። እሜቴ ገባች። እንደ ልማዷ ዝግ ብላ፣ ዓለም ይጠብቀኝ እያለች። ልጇን አሸተተች። ከዚያ እንግዳውን አሸተተች። አፍንጫዋን ብብቱ ሥር ከታ ቆየች። ቆየች። አስነጠሳት። በረኪና ክንዴን ጨመደደችው፤ ጥፍሯ የገባበት ቦታ ለሳምንት ሰንበር ነበረው። እሜቴ እንግዳውን በማጅራቱ ነክሳ አነሳችውና ይዛው ወደ ጥግ ሄደች። ሐኪሟ ተነስታ የበሩን መክፈቻ ያዘች። በሆዴ፣ በቃ ልትጥለው ነው አልኩ።

አልጣለችውም። ጥግ ያለው ደረቅ ድርቆሽ ላይ አስቀመጠችው፣ ተመልሳ መጣች፣ ልጇንም በማጅራቱ አንስታ ወስዳ ጎኑ አስቀመጠችው። ከዚያ ዙሪያቸውን ዞረች፣ ዞረችና ጎኗን ሰጥታ ተኛች። እንግዳው ለወሬ አልተቀመጠም። ሳጥን ውስጥ የከረመ ረሃብ ነው ያለው፤ የእሜቴን ልጅ ረግጦት፣ በላዩ ተሻግሮ ጡት ያዘ። የእሜቴ ልጅ ስንት ቀን እንደ ጨርቅ ተጋድሞ የነበረው፣ ሲረገጥ ጊዜ ነቃ። ጮኸ። የዚያን ጫጩት የሚመስል ጩኸት ከሰማሁ ሰንብቼ ነበር። ከዚያ እሱም እየገፋ ገባ፣ ሁለቱም በእግራቸው ጡቱን እየደለቁ ጠቡ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሐኪሟ ግንባሯን ስክሪኑ ላይ አስደግፋ፣ እፎይ አለች፣ እፎይ፣ እፎይ፤ ያን ቀን ሳትመዝን የተናገረችው ቃል እሱ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ የወንድሜ ሚስት ከእኔ ቀድማ በሩ ላይ ቆማለች። ትናንት ወደ ቤቷ ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ ሰው አጠገቧ አልቀመጥ እንዳላት ነገረችኝ፤ ስትነግረኝ አልሳቀችም፣ እኔም ስለ ፕላስቲኩ ወንበር ምንም አላልኳትም። ሐኪሟ ሁለቱን ግልገሎች መዝናና ሆዳቸውን ዳስሳ ወጣች። ሁለቱም ሆዳቸው ተወጥሯል። የእሜቴን ጡት ስትነካው ወተቱ ጣቷ ላይ ፈሰሰ። ጡጦ አያስፈልግም አለችኝ። ቃሉን ሰማሁት፣ ግን እንድትደግምልኝ ለመንኳት፤ ደገመችልኝ። ሄጄ መሳቢያዬን ከፈትኩ፣ ጡጦውን አወጣሁና ውጭ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኩት። እጄ አልከለከለኝም።

ስመለስ የወንድሜ ሚስት ስክሪኑ ፊት ለብቻዋ ተቀምጣለች። እሜቴ እንግዳውን በሁለት እጆቿ መሐል አስተኝታ ፊቱን ትልሰዋለች። ከዓይኑ ጥግ ጀምራ በአፍንጫው ጎን እስከ አፉ፣ ከዚያ በወዲያኛው ጎን፣ ከዚያ እንደገና ከላይ። ግልገሉ ይነጫነጫል፣ እሷ አትተወውም። የወንድሜ ሚስት አገጯን በእጇ ደግፋ፣ የሌላ አጣቢን ሥራ በምታይበት ዓይን ታያታለች። ስገባ ዞር ሳትል ነው የተናገረችው።

«ለእሷም አልለቀቀላትም» አለች።

ከጎኗ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ በአንድ ላይ ስናይ ረፈደ።